ከገበሩ በታች

ካፖርቱ ከባድ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ሲያርፍ የቆየ ጭስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ይዘውት የመጡት እህትና ወንድም ናቸው፤ እሷ ወደ ስድሳ ተጠግታለች፣ እሱ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። አባታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እናታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል። ተወልደው ያደጉበት ቤት ለመልሶ ማልማት እንዲፈርስ ቀን ሲቆረጥለት ከአልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ። ይህ የወታደር ካፖርት እዚያ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እህትየው ስታራግፈው ከታችኛው ጠርዝ በኩል፣ ከገበሩ ሥር፣ የሚንኮሻኮሽ ነገር ጣቷን ነካት። ወንድሟ መቀስ ይዞ መጣ። እሷ እጁን ያዘችው። ወደ እኔ ያመጣቸው ያ አለመግባባት ነው፤ እጁን ስለያዘች እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ሥራዬ ብራና፣ ወረቀት፣ ቆዳና ፎቶግራፍ መጠገን ነው። በሙያው አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። በተለይ የወታደር ዕቃ ሲመጣልኝ እጄን አዘገያለሁ። ወታደር ጓዙን ራሱ ስለሚሸከም የማይጠቅመውን አይዝም። ቁራጭ እንጨት ወይም ዳሩ የተበላ ፎቶግራፍ ከጦር ሜዳ እስከ ቤቱ ይዞ ከገባ፣ ለመያዙ ምክንያት አለው። ያ ዕቃ ተደብቆ ከተገኘ ደግሞ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የተያዘበት፣ ሌላው የተደበቀበት። ቤተሰብ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ከዚያም ስንት ሐሜት፣ ስንት ቅያሜ ይወለዳል። ሁለቱን ለይቶ ማየት የእኔ ሙያ ዋናው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው። ሥራውን በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ወጣት በጣልያን ጊዜ አርበኛ የነበሩ አያቱን ክታብ አመጣልኝ። በቆዳ የተሰፋ፣ ጣት የሚያህል ጥቅል ነው። እሱ ውስጡን ለማየት ቸኩሏል፤ እኔም ችሎታዬን ለማሳየት ቸኩያለሁ። ቆዳውን በምላጭ ቀደድኩና ብራናውን ደረቅ እንዳለ በጣቴ ዘረጋሁት። ብራና ቆዳ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ተጠቅልሎ የኖረ ቆዳ በአንድ ደቂቃ ልዘርጋህ ቢሉት እሺ አይልም። ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። የባሰው ግን የቀለሙ ነው። የብራና ጥቁር ቀለማችን ከጥቀርሻ ይሠራል፤ ወደ ቆዳው ብዙ ሳይሰርግ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ብራናው ሲንቃቃ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳ፤ ፊደሎቹ ጠረጴዛዬ ላይ ጥቁር ዱቄት ሆነው ቀሩ። በክታብ ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባል። ከተሰነጠቀው ቦታ አንዱ ስሙ ያረፈበት ነበር።

የቆዳውንም ስፌት ቀድጄ ጣልኩት። በምን ክር እንደተሰፋ፣ አንዴ ይሁን ሁለቴ፣ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም። መጽሐፍ መጠረዝ ያስተማሩኝ መሪጌታ ጥፋቴን ስነግራቸው አልተቆጡም። ብራናውን አገላብጠው አዩትና፣ ቋጠሮ የሚፈታ ሰው አስቀድሞ አቋጣጠሩን ማየት እንደሚገባው ነገሩኝ። ያን ቀን አፍሬ አጎነበስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሳላይ የፈታሁት ቋጠሮ የለም።

ስለዚህ ካፖርቱን ሳልከፍት ግማሽ ቀን ሙሉ አየሁት። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶግራፍ አነሳሁ። መብራቱን ወደ ጎን አዘንብዬ በማጉያ መነጽር ጠርዙን ተከተልኩ። ገበሩ በመኪና የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ እኩል፣ ክሩ ካኪ። ከታች በግራ በኩል ግን አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ በእጅ ተዘምዝሟል። የመኪናው የቀድሞ ቀዳዳዎች ከእጁ ስፌት ጎን ባዷቸውን ይታያሉ፤ ጠርዙ መጀመሪያ ተፈትቶ ኋላ እንደገና ተሰፍቷል ማለት ነው። ክሩ የተራ ልብስ ስፌት ክር አይደለም፤ ሁለት ነጠላ ሆኖ የገባ ቡናማ የጥልፍ ክር ነው። መርፌው ከውጭ እንዳይታወቅ የጨርቁን ላይ ላዩን ብቻ እየነከሰ ያልፋል። በየአምስተኛው ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆልፋል፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይተረተር ነው። ይህን የሰፋ ሰው ምናልባት ቸኩሎ ነበር፤ እጁ ግን ቸኩሎም አይሳሳትም።

በወታደር ዕቃ ላይ ያለ ስፌት ሁልጊዜ የወታደሩ እንዳልሆነ ከሌሎች አገሮችም ይታወቃል። በጃፓን ሴቶች ለዘማች ወንዶች ሺህ ሴቶች አንድ አንድ ቋጠሮ የጣሉበት መታጠቂያ ያዘጋጁ ነበር። በአንዳንዱ ላይ አምስት ሴን ወይም አሥር ሴን ሳንቲም ይሰፋበታል። ነገሩን የማያውቅ ሰው የተረሳ ድንቡሎ ይመስለዋል። በጃፓንኛ ግን አራት ቁጥር ከሞት፣ ዘጠኝ ቁጥር ከመከራ ጋር ድምፅ ይጋራል፤ አምስት አራትን፣ አሥር ደግሞ ዘጠኝን ያለፈ ነው። ሳንቲሟ የሰጪዋ ምኞት ናት። ይህን ስለማውቅ የእጅ ስፌት ባየሁ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ የማን እጅ ነው? ስለ ካፖርቱ በምሞላው ካርድ ላይም "ሰፊው፦ ያልታወቀ" ብዬ ጻፍኩ።

ከስፌቱ መካከል ስድስት ጥልፍ ብቻ ፈታሁ፤ ሁለቱን ዳርና ዳር አልነካሁም። የወጣውን ክር በትንሽ ፖስታ አስቀመጥኩት። በተከፈተችው ቀዳዳ፣ በቀጭን ለስላሳ እንጨት እየደገፍኩ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከመዳፍ የማይበልጥ ነገር አወጣሁ። ውስጡ አራት ነገሮች ነበሩ፤ ከነሪባኑ አንድ ሜዳሊያ፣ አንድ ጫፏ የተቀረጸ የጣት ያህል እንጨት፣ የአንድ ሕፃን ፎቶግራፍና በቆዳ የተሰፋ ክታብ።

ወንድምየው ፎቶግራፉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ወንድ ልጅ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጅጌው የተቆረጠ የአዋቂ ወታደር ሸሚዝ ለብሶ ከድንኳን ፊት ቆሟል። መልኩ የሩቅ ምሥራቅ ሰው ነው። ከዚያ ወንድምየው እንጨቷን አነሳት። ጫፏ ላይ ያለው ፊደል የእኛ አይደለም።

"የሴት ስም ነው" አለ። "አባባ እዚያ ልጅ ነበረው። ዕድሜውን ሁሉ ከእማማ ደብቆ ኖረ።"

እህቱ አልመለሰችለትም። "ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አለችኝ።

ትንሽ ጊዜ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። እንዲህ ባለው ሰዓት ባለሙያ ይፈተናል። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሰዎች ታሪክ ይፈልጋሉ፤ ያማረ ታሪክ መስጠት ደግሞ ከባድ አይደለም። እኔን የሚያድነኝ ካርዴ ነው፤ እዚያ ላይ የማየውን ብቻ እጽፋለሁ። በአማርኛ "ልጁ" የሚለው ቃል "ያ ልጅ" ማለትም "የእሱ ልጅ" ማለትም ይሆናል፤ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ሰው አባት ተደርጎ ያድራል። ስለዚህ "ወንድ ልጅ፣ ከድንኳን ፊት" ብዬ ጻፍኩ፤ "ልጁ" አላልኩም።

ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው ሜዳሊያው ነው። ሪባኑ ላይ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቁ አሥራ ሰባት መስመር ሠርተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ሜዳሊያ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን የተሠራው ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር ነበር፤ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ተጉዞ ፑሳን ወደብ ደረሰ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋርም ተሰለፈ። ተኩስ ማቆሙ እስከተፈረመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ሻለቆቹ እየተተካኩ ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም አልተማረከም። ወላጆቻቸውን ያጡ የኮሪያ ሕፃናት በየጦር ሰፈሩ ዙሪያ ይንከራተቱ በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ የእኛ ወታደሮች በ1953 እ.ኤ.አ. በዶንግዱቾን የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመዋል። አንድ የቃኘው ዘማች የኮሪያ ሕፃን ፎቶግራፍ ይዞ ቢመለስ እንግዳ ነገር የለውም። የሚያስጠይቀው መደበቁ ነው።

ቀጥሎ ወደ እንጨቷ ሄድኩ። ማኅተም ናት። ኮሪያውያን ስማቸው የተቀረጸበትን ትንሽ ማኅተም ቀይ ቀለም እያስነኩ በፊርማ ፈንታ ወረቀት ላይ ያሳርፋሉ። የዚችም ጫፍ በደረቀ ቀይ ቀለም ተደፍኗል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አዲስ ቀለም ነክሮ አትሞ ማየት ያምረዋል። አዲሱ ቀለም ሲነካት ግን የድሮው አብሮ ይነሳል፤ ባለቤቷ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙበት ቀለም ደግሞ አይተካም። በጎን ብርሃን ፎቶግራፍ አነሳኋት፤ ማኅተም ሲቀረጽ በግልባጭ ነውና ምስሉን በኮምፒውተር ገልብጬ ኮሪያኛ ለሚያነብ ወዳጄ ላክሁለት። የሰው ስም ይመስላል፣ የኮሪያ ስም ግን አይደለም አለኝ፤ ድምፁን በአማርኛ ፊደል ጽፎ መለሰልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳነበው ምንም አልመጣልኝም። በኋላ ነው ኮሪያኛ "ፍ" የሚል ድምፅ እንደሌለውና ቀራጩ በቦታው "ፕ" ማስገባቱ የታወቀኝ። "ፕ"ን ወደ "ፍ" ስመልሰው የአባትየው የራሳቸው ስም ሆኖ አረፈው።

ወንድምየው ይህን ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የባዕድ ሴት ስም ያለው፣ እሱ ራሱ በየቅጹ ላይ ከስሙ ቀጥሎ ሲጽፈው የኖረው ስም ነው።

ዕቃዎቹ የተያዙበት ምክንያት በዚህ መልክ ብቅ አለ። አንድ ወጣት ወታደር ስሙን በሰው አገር ፊደል አስቀርጾ፣ የአንድ ሕፃን ፎቶግራፍ ጨምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። የተደበቁበትን ምክንያት የነገረኝ ግን መጠቅለያው ነው። ቁራጩ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው፤ በላይኛው ጠርዝ ላይ ዓመቱ ይነበባል፤ 1969። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ በጊዜ ብዛት አሲድ ይፈጥራል፤ ራሱ ቢጫ ይሆናል፣ የነካውንም ቢጫ ያደርጋል። በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ የጋዜጣው ጥላ በቡናማ ታትሟል፤ ዓምዶቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። አንድ ጥላ ብቻ ነው፤ ጥቅሉ ከተጠቀለለ ወዲህ ተፈትቶ በሌላ መልክ አልታሰረም። በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ የደረቀ ሙጫ አለ፤ በሙጫውም ላይ ጥቁር ወረቀት ተቦጭቆ ቀርቷል። የድሮ የፎቶ አልበሞች ገጻቸው ጥቁር ነበር። እንግዲህ ይህ ፎቶግራፍ መጀመሪያ የኖረው በአልበም ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ በሚገለጥ፣ ሚስትም ልጆችም በሚያዩት አልበም። ከዚያ አንድ ቀን ወረቀቱን እስኪገነጥል ድረስ በጥድፊያ ተላቀቀ።

ክብር ዘበኛ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላም ክፉ ቀን አይቷል። ጋዜጣው ባይኖር ኖሮ ሁለት ዘመን እጠረጥር ነበር። 1969 ግን በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ዓመት ነው። ቃኘው ከአሜሪካ ጎን ቆሞ ከኮሚኒስቶች ጋር የተዋጋ ጦር ነው፤ ደርግ ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ፤ በ1977 የተመረቀው የትግላችን ሐውልትም የተሠራው በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ ነው። በዚያ ዘመን የኮሪያ ሜዳሊያ ቤት ውስጥ መገኘቱ ክብር መሆኑ ቀርቶ ክስ ሊሆን ይችል ነበር። አትክልት ሥር የተቀበረ፣ ጣሪያ ውስጥ የተሸጎጠ፣ ጨርሶ የተቃጠለም እንዳለ ከደንበኞቼ አፍ ስሰማ ኖሬአለሁ።

ዓመቱን ስነግራት እህትየው እጇን ካፖርቱ ላይ አሳረፈች።

"ጋሼ፣ ያን ሌሊት አስታውሰዋለሁ" አለች።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የገቡት ሰዎች ፍራሹን በሳንጃ ወጉ፤ ሳጥኑን ዘቀዘቁት፤ አልበሙን ገጽ በገጽ ገለጡት። እሷና ትንሽ ወንድሟ ጥግ ላይ በተነጠፈ ጅባ ላይ ተኝተዋል። እናታቸው በሁለቱም ላይ ካፖርቱን ደርበውባቸዋል። አንዱ ሰው ወደ ልጆቹ ሲራመድ እናትየው በለሆሳስ "ልጆቹን አታስነሷቸው፣ ትንሹ አሞታል" ሲሉ ሰምታለች። ወንድሟ ግን አልታመመም ነበር። ካፖርቱ ለብርድ የተደረበላቸው መስሏት ይህን ሁሉ ዘመን ኖረች።

በሳምንቱ ብቻዋን ተመለሰች፤ በፌስታል አንድ የትራስ ልብስ ይዛለች። እናቷ ከማግባታቸው በፊት የጠለፉት ነው። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ የጠላፊ እጅ የሚታወቀው ከጀርባ በኩል ነውና። ሁለት ነጠላ ክር። በየአምስተኛው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆልፍ። መጨረሻው ላይ ቋጠሮ የለም፤ ክሩ በራሱ ስፌት ሥር ተመልሶ ይገባል። የካፖርቱን ጠርዝ ከጎኑ አድርጌ ማጉያውን ሰጠኋት። ከአንዱ ወደ ሌላው ደጋግማ አየች፤ ከዚያ ማጉያውን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። አባትየው ከሚስታቸው የደበቁት ነገር አልነበረም። ለባላቸው የደበቁት እናትየው ናቸው።

መቀሱ በጊዜው ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር። አራቱ ዕቃዎች ያው አራት ዕቃ ሆነው ይገኙ ነበር፤ ጋዜጣው ቅርጫት ይገባል፣ ክሩ ይጠረጋል፣ አባት ደግሞ በማያውቁት ነገር ተጠርጥረው ይቀራሉ። ስለዚህ ለማውቀው ሁሉ የምለው ይህን ነው። ከሟች ዕቃ ውስጥ የተሸሸገ ነገር ስታገኙ፣ ከማውጣታችሁ በፊት በነበረበት እንዳለ ፎቶግራፍ አንሱት። የት እንደተገኘ፣ ከምን በታች፣ በምን እንደታሰረ፣ ማን በነበረበት፣ በዚያው ቀን ጻፉ። መጠቅለያውን አትጣሉ፤ ጋዜጣ ከሆነ ከፎቶግራፍ ለይታችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ሜዳሊያ አትፈግፍጉ፤ ያ ደብዛዛ መልክ የዕድሜው ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ፎቶግራፍና የድሮ ወረቀት በፕላስቲክ አታሳሽጉ፤ ሙቀቱና ሙጫው ከምስጥ የከፋ ጠላት ነው። ደርቆ የተጠቀለለ ነገር በጉልበት አትዘርጉ። ከሁሉ በላይ፣ ፍርድ ለመስጠት አትቸኩሉ። ዕቃው ያን ያህል ዘመን ዝም ብሎ ጠብቋል፤ እኛም አንድ ሳምንት ብንጠብቀው አይበዛበትም።

ክታቡ ቀረ። ቆዳው በአንድ ወገን በላብ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ በዚያ በኩል ደረት ላይ ኖሯል። ዛሬ እንዴት እንደሚከፈት አውቃለሁ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ ውሃው ሳይነካው እርጥበቱ ብቻ እንዲደርሰው አድርጎ፣ ብራናው ራሱ ልዘርጋ እስኪል ቀን በቀን መጠበቅ ነው። ክታብ በልማድ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ተከፍቶ ቢለካ የአባትየው ቁመት ይገኝ ይሆናል። ይህን ነግሬ ውሳኔውን ለእነሱ ተውኩት። እንዳይከፈት የለመነኝ ያ መቀስ ይዞ የመጣው ወንድምየው ነው። "አባባን የጠበቀ ነገር ነው፤ እንዳለ ይኑር" አለ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ።

ለአራቱ ዕቃዎች አሲድ ከሌለው ካርቶን አንድ ሳጥን ሠራሁላቸው፤ በተገኙበት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ይተኛሉ። የካፖርቱን ጠርዝ መልሼ አልሰፋሁም። የቀረው የእናትየው ስፌት እንዳይተረተር ዳርና ዳሩን ብቻ በቀጭን ክር ያዝኩት፤ የእኔ ክር ከእሳቸው ጋር እንዳይምታታ ቀለሙን ለየሁ። የትራስ ልብሱም ከካፖርቱ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ እህትየው ጠየቀችኝ፤ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልዬ ከላይ አኖርኩላት።

ሊወስዱት ሲመጡ ካርዱን አወጣሁ። "ሰፊው፦ ያልታወቀ" የሚለውን መስመር በእርሳስ ሰረዝኩና የእናታቸውን ሙሉ ስም እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ወንድምየው ፊደል በፊደል ነገረኝ፤ እኔም ጻፍኩ።